ቶሎ የተፈታ ጀሶ

በስምንት ዓመቴ፣ ሠፈራችን ውስጥ ያልተሰበረች ሴት የለችም ብዬ አምን ነበር። ዝም ብሎ የመጣ እምነት አይደለም፤ ማስረጃ ነበረኝ። ማስረጃዬም ከእናቴ ፀጉር ቤት በስተጀርባ፣ ጠባቧን ግቢ ተሻግሮ የሚገኘው የአክስቴ ክፍል ነበር።

እናቴ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ፀጉር ቤቱ ማለት መንገድ ዳር ያለችው የቤታችን የፊት ክፍል ናት፤ ሁለት መስታወት፣ ሦስት ወንበር፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚጮህ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ሹክ ያለች እየመሰላት ትጮኻለች። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ፀጉር የሚጠቀለልበትን ቢጎዲን በየመጠኑ እለያለሁ። የሠፈሩን ምሥጢር ሁሉ ያወቅሁት እንደዚያ ነው። ግማሹን ማለቴ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ራሴ እየሞላሁ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ሠዓሊ ናት ይላሉ፤ እኔ ግን ስትሥል አይቻት አላውቅም። ለኔ ሠዓሊ ማለት ብሩሽ ይዞ ፈረስ የሚሥል ሰው ነው፤ የትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ፈረስ ነበረ። አክስቴ የምትይዘው ጀሶ፣ ፋሻና ቫዝሊን ነው። እነዚህን ደግሞ በደንብ አውቃቸዋለሁ። በዚያው ዓመት ከአጥር ላይ ወድቄ ክንዴ ሲሰበር፣ ክሊኒክ ውስጥ ያሰሩልኝ ያንኑ ጀሶና ያንኑ ፋሻ ነው። አሳከከኝ፣ ፍቱልኝ ብዬ ቤቱን በለቅሶ ሳናጋው ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ፣ «ቶሎ ከፈታነው ሳይድን ይቀራል» አለኝ። «ጠማማ ሆኖ ይቀራል፤ ትፈልጊያለሽ?» አልፈለግሁም። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ስለዚህ አክስቴ ወጌሻ መሆኗ ገባኝ። ለምን ሠዓሊ ናት እንደሚሉ አልገባኝም፤ ትልልቅ ሰዎች ነገር መደበቅ ይወዳሉ።

ሴቶቹ ፀጉራቸውን ተሠርተው ሲያበቁ አንዳንዴ በፊት በር አይወጡም። በጓሮ በኩል ወደ አክስቴ ይሻገራሉ። መጀመሪያ የሄደችው አዋላጇ ናት። እጆቿን እስከ ክርኗ ቫዝሊን ቀብታ፣ አክስቴ ውሃ ውስጥ የነከረችውን ፋሻ እየደራረበች ስትጠቀልልላት በር ላይ ቆሜ አየሁ። ጀሶው እስኪደርቅ መንቀሳቀስ አይቻልም። ያኔ አክስቴ ለሁሉም የምትጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀቻት።

«እነዚህ ምን ሠሩ?»

«ምን ያልሠሩት አለ?» አለች አዋላጇ። «የዚህን ሠፈር ግማሹን ሰው ወደዚህ ዓለም የጎተትኩት እኔ አይደለሁ? ያቺን በር ላይ የተገተረችውንም ጭምር። በእግሯ ነው የመጣችው፤ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ግትር ናት።»

አክስቴ ሳቀችና ከኪሷ ክር አውጥታ እርጥቡ ጀሶ ላይ ለጠፈችው፤ እትብት የሚታሰርበት ዓይነት ክር። መድኃኒት መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ።

ቀጥላ የመጣችው አትክልት ሻጯ ናት፤ አፏ ስለማያርፍ ሠፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። የሷ ጀርባዋ ነበር። በሩ ስለተዘጋብኝ አላየሁም፤ ሲያልቅ ግን ጀሶው ላይ የሽንኩርት ልጣጭና የዱባ ፍሬ ተጣብቆበት አገኘሁት። ሬዲዮ ስትወጣ ወገቧን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። «ቀለለኝ!» አለች። «እውነቴን ነው፣ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም!» ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ዛሬ ሳስበው ያቀለላት ጀሶው አይደለም። ከሌሊት ጀምሮ ኩንታል ስትሸከም የኖረች ሴት፣ ጋደም በይ ተብላ፣ ጀርባሽ ምን ሠራ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም ነበር።

ጡረተኛዋ መምህርትም መጡ። የሳቸው ጉሮሯቸው ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን በልጆች ላይ ሲጮኹበት ስለኖሩ ቢሰበር አልገረመኝም። እርጥቡ ላይ አክስቴ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሰችበት።

«አክስቴ፣ የኔ ስንት ጊዜ ፈጀ፣ የነሱ እንዴት ወዲያው ይፈታል?» ብዬ ጠየቅኋት አንዴ።

«የኔ ጀሶ ፈጣን ነው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

የተፈታውን ጀሶ አትጥለውም። የክፍሏን ረጅም ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘች፣ በጎኗ የተጋደመች የሽቦ ሴት ነበረቻት፤ እዚያ ላይ ትሰቅለዋለች። የአዋላጇ እጆች የሽቦዋ ሴት እጆች ሆኑ፤ የሬዲዮ ጀርባ ጀርባዋ። እግሮቿ የዛፍ ቅርፊት ለበሱ፣ ዳሌዋ የወንዝ ጠጠርና ደረቅ ሣር። ፀጉሯ ከእናቴ ወለል የተጠረገ ነው፤ ጥቁሩ፣ ሽበቱ፣ ቀለም የተቀባው አንድ ላይ። ደረቷ ግን ገና ባዶ ሽቦ ነበር።

«ማናት?» አልኳት አንድ ቀን።

«በጣም ትልቅ ሴት ነበረች» አለች አክስቴ፣ ሣሩን በሙጫ እየለጠፈች። «ብዙ መንገድ ሄዳ ደከማትና ጋደም አለች። ሰዎች መጡ። ጉልበቷን ኮረብታ ነው ብለው ቤት ሠሩበት። ፀጉሯን ደን ነው ብለው ቆረጡት። ከጡቷ የሚፈሰውን ምንጭ ነው ብለው በባልዲ ቀዱት።»

«አልነቃችም?»

«ብትነሣ ቤቱ ሁሉ ይፈርሳላ! ነቅታም ዝም አለች። ከዚያ ሰዎቹ ለኮረብታዎቹ ስም አወጡ። የማንን ስም መሰለሽ?»

«የሷን?»

«የወጡባቸውን ወንዶች!» ሙጫው እጇ ላይ እስኪፈስ ተናደደች። ያኔ ያሳዘነኝ የሴትዮዋ ነገር ሳይሆን የፈሰሰው ሙጫ ነው፤ እኔን አንድ ጠብታ ከልክላኝ ነበር።

እንዲህ እያለን ሬዲዮ አንድ ቅዳሜ ካስክ ሥር ገባች። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ሬዲዮ አጠገቧ ወዳለችው አዋላጅ ዘንበል ብላ፣ ለሷ ሹክታ፣ ለመንገደኛው አዋጅ በሆነ ድምፅ፣ «ደረቷ ላይ ያለው ነገር እንዴት ሆነ?» አለች። አዋላጇ በዓይኗ ወደኔ ጠቆመች። «ምን? በሚቀጥለው ሳምንት አይደል የምትገባው? ግራውን ነው አሉ! እኔን! እንዲህ ያለች ልጅ!» አዋላጇ ተነሥታ የካስኩን ሶኬት ነቀለችው። እናቴ በዚያው ቅጽበት ባልዲዋን ይዛ ገባች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ በኛ ቤት ግን ባዳዋ እኔ ሆኜ ኖሬአለሁ።

አልደነገጥኩም። የእናቴ ደረት ተሰብሯል፤ ያሳዝናል። ግን ወጌሻዋ ግቢያችን ውስጥ ናት።

በማግስቱ እሑድ ፀጉር ቤቱ ዝግ ሆኖ ሳለ፣ እናቴ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ አክስቴ ተሻገረች። በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ። እኔ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው።

«ኧረ ይቀዘቅዛል! ምናለ ውሃውን ብታሞቂው?»

«አትንቀሳቀሺ እታለም፣ ይሸበሸብብኛል።»

ከዚያ ከፋሻው የሚንጠባጠብ ውሃ ሰማሁ። ከዚያ ያ ጥያቄ።

«ይሄስ ምን ሠራ?»

«ልጄን አጠባ» አለች እናቴ። «አንቺንም እኮ ትንሽ ሆነሽ እማማ ስትታመም፣ እዚህ ላይ አስተኝቼ ነው ያሳደግሁሽ። ያኔ እንኳን ወተት፣ ጡቱም አልነበረኝ።» አክስቴ ስታለቅስ ሰማኋት። «አንቺ ካለቀስሽ እኔ መቼ ልደርቅ ነው?» አለቻት እናቴ እየሳቀች። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቀጥ አለ። «ፍቺኝ» አለች።

«ትንሽ ቆዪ፣ ገና ነው።»

«ፍቺኝ አልኩሽ! ፍቺኝ!»

እናቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና አንገቷ ላይ የቀረውን ነጭ በመዳፏ እየጠረገች በአጠገቤ አለፈች። ያን ዕለት የገባኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጀሶው ከጊዜው በፊት ተፈቷል፤ ያስፈታችውም ራሷ ናት።

በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ገባች። የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው አባቴ ከረጅም መንገዱ ተመልሶ ሾርባ ይሠራልኝ ጀመር፤ ሾርባው የሚበላ ስላልሆነ መጨረሻ ላይ ራሱ ይበላዋል። «እማዬ ምን ሆና ነው?» ስለው፣ «ትመጣለች» ይለኛል። የጠየቅሁት ሌላ፣ የመለሰው ሌላ።

መጣች። ግን የመጣችው እናቴ አልነበረችም። ፀጉር ቤቱን አልከፈተችም። እየሮጥኩ ሄጄ ላቅፋት ስል ትራስ ደረቷ ላይ አስቀድማ በአንድ እጇ ብቻ ያዘችኝ። ዕድሜዋን በመስታወት ፊት ቆማ የኖረች ሴት፣ የመኝታ ቤቱን መስታወት ወደ ግድግዳ አስዞረችው። ስታወራ ወደ መስኮቱ ነው። የተኛችበት ክፍል የመድኃኒትና የተዘጋ ቤት ሽታ ነበረው። ፈራሁ። እናቴ ጠማማ ሆና ልትቀር ነው ብዬ በጣም ፈራሁ። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ ማንም ምንም አያደርግም።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ሱቅ ስትሄድ ክፍሏ ገባሁ። የእናቴ ጀሶ የሽቦዋ ሴት ደረት ላይ ገና አልተሰቀለም፤ መደርደሪያ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ከትከሻ እስከ ወገብ የሚደርስ ስለነበር በእጄ ልይዘው አልቻልኩም። ቢሰበርስ? አሰብኩና ለበስኩት። ጫፉ ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። ከሥር ደግፌ፣ አገጬን ከላይ አሻግሬ፣ ግቢውን እንደ ኤሊ ተሻገርኩ።

ሳሎን ውስጥ አዋላጇና መምህርቷ ሊጠይቁ መጥተው ከአባቴ ጋር ተቀምጠዋል። የእናቴን ሁለት ጡቶች ለብሼ በመካከላቸው አለፍኩ።

«ወይ ጉድ!» አሉ መምህርቷ። አባቴ ብድግ አለ፤ አዋላጇ ግን በእጅጌው ጎትታ መልሳ አስቀመጠችው። «ተዋት» አለች። «ግትር ናት ብያችኋለሁ።»

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞራ ተኝታ ነበር።

«እማዬ» አልኳት። «ያልዳንሽው ቶሎ ስላስፈታሽው ነው። አምጥቼልሻለሁ። መልሰሽ እሰሪው።»

ዞረች። ያን ፊቷን እስከ ዛሬ በቃል ልገልጸው አልችልም። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ የለበስኩትን፣ ከዚያ እንደገና እኔን። ከኋላዬ አክስቴ እየሮጠች ደረሰችና በሩ ላይ አፏን በእጇ ያዘች። «እታለም ይቅርታ፣ ሱቅ ሄጄ...»

«ተያት» አለች እናቴ። «ነይ እስቲ፣ ሐኪሜ።»

ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ጀሶውን ከአንገቴ አውጥታ በፋሻ በተጠቀለለው ደረቷ ላይ ገጠመችው። በቀኝ በኩል ልክ ገባ። በግራ በኩል ግን እጄን ሥሩ ብሰድ መሐሉ ክፍት ነው። እናቴ በጣቷ አንኳኳችው፣ የሰው በር እንደሚንኳኳ።

«ባዶ ነው» አልኩ።

ሆስፒታል ከገባችበት ቀን ጀምሮ ያን ቃል ማንም አልተናገረውም ነበር።

«አዎ» አለች እናቴ። «ባዶ ነው። እዚህ የነበረው ታሞ ስለነበር ቆርጠው አወጡት።»

«ይበቅላል?»

«አይበቅልም።»

«ያምሻል?»

«ያመኛል። ከሱ በላይ ግን እናንተ ስታዩኝ ነው የሚያመኝ።» ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ትራሱን ወደ ጎን ወርውራ፣ በቀኟ በኩል አስጠግታ እስኪበቃኝ አቀፈችኝ። ናፍቃኝ ነበር። ቤት ውስጥ እያለች እንዲያ የናፈቀችኝ ጊዜ የለም።

ሲወጣላት አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ አክስቴ ዞረች። «ይሄንን ነው ለዚያች ሴትዮሽ ልትሰቅይላት?»

«ሙሉ ሆነሽ እንድትቀሪ ብዬ ነበር እኮ» አለች አክስቴ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «አንድ ቦታ እንኳ እንዳልነካሽ...»

«ስንት ሰው የተረማመደባት ሴት ናት ስትዪ አልነበረም? ደኗን የተቆረጠች፣ ምንጯን የተቀዳች? ታዲያ ምንም ያልጎደለው ደረት ከየት ታመጪላታለሽ? ውሸት ነው።» ጀሶውን ከላይዋ አነሣችው። «ቁስሉ ሲድን እንደገና ሥሪኝ። እንዳለሁ።»

«እታለም...»

«እንዳለሁ አልኩሽ። ይቺም ትግባ።»

«እሷ ደግሞ ምን ልትሠራ? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

«ለኔ ይበቃኛል» አለች እናቴ።

አክስቴ ከዚያ ወዲያ ያን የመጀመሪያውን ጀሶ ለማስታወሻ ልትሰጣት አስባ እንደነበር የነገረችኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። እናቴ ግን ማስታወሻ የማስቀመጥ ትዕግሥት የላትም። ፀጉር ቤቱን እንደገና ስትከፍት ጀሶውን በጀርባው አጋድማ መደርደሪያው ላይ አኖረችው፤ በአንዱ ጎድጓዳ ትልልቁን ቢጎዲን፣ በሌላው ትንንሹን። ሴቶቹ መጀመሪያ ላይ እጃቸውን ለመስደድ ይሽኮረመሙ ነበር። በኋላ ለመዱት። ያቺ የተጋደመች የሽቦ ሴትም ዛሬ ሰዎች በሹክታ በሚነጋገሩበት ትልቅ የሥነ ጥበብ ማሳያ አዳራሽ ውስጥ ናት። እናቴ፣ አሁን አርጅታለች፣ በወር አንዴ ውሰጂኝ ትለኛለች። አጠገቧ ሄዳ ትቆምና አንድ እንግዳ እስኪጠጋ ትጠብቃለች። «ደረቷ እኔ ነኝ» ትለዋለች። ሰውየው የሚገባበት ይጠፋዋል።

እንደገና የተሠራችበት ቀን ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። በዚያ ክፍል ውስጥ በሩ ያልተዘጋብኝ የመጀመሪያ ቀን ነው። ውሃውን ያሞቅሁት እኔ ነኝ። እናቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሸሚዟን ፈታች። የሚያስፈራ ነገር ጠብቄ ነበር። ያየሁት በደንብ የተሰፋ ረጅም ስፌት ነው፤ ዳርና ዳሩ ገና ቀላ ያለ። ቫዝሊኑን በጣቴ ቀባኋት። ዓይኗን ጨፈነች እንጂ አልሸሸችም። ፋሻውን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ እየጨመቅሁ ለአክስቴ አቀበልኳት። መጨረሻውን ፋሻ አክስቴ መልሳ ሰጠችኝና በግራ በኩል እኔ አለበስኩት። መዳፌን በእርጥቡ ላይ አድርጌ እንድይዘው ነገረችኝ። ያዝኩት።

«እማዬ፣ ይመታል!»

«ምኑ?»

«ልብሽ። እጄ ላይ መጣ።»

«ድሮ ጓዳ ነበር የሚቀመጠው» አለች እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አሁን ሳሎን ወጥቶ ነው።»

አክስቴ ሳቀች፤ ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ። ያን ቀን ግን ማንም አላስቸኮላትም። ጀሶው መጀመሪያ ሞቀ፣ ከዚያ እየቀዘቀዘ ሄደ። እናቴን አፍንጫዋን አሳከካት፤ አክስቴ አከከችላት። ከዚያ የጀሶውን ጠርዝ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«ደርቋል» አለች። «ልፍታው?»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ያየችው አክስቴን ሳይሆን እኔን ነው።

«ሐኪሟ እሷ ናት» አለች። «ምን ትያለሽ? ይፈታ?»

መድረቁን እኔም አይቻለሁ። መዳፌን ግን ከቦታው አላነሣሁም።

«ትንሽ ይቆይ» አልኩ።

እናቴ በእሺታ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች፤ ቆየን።